የአራስ ቤት መብራት፦ ቀኑን ማብራት፣ ሌሊቱን ማደብዘዝ

የወሎ የአራስ አያያዝ ብዙ ደግ ነገር አለው። አራሷ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ ከባድ ሥራ አታነሳም፤ ክርስቲያኑ ቤት ልጁ ክርስትና እስኪነሳ፣ ሙስሊሙ ቤት አርባው ቀን እስኪሞላ ሰው ይከባታል። ለአራስ እንቅልፍና መንፈስ ከዚህ የሚበልጥ መሠረት የለም። አንድ ነገር ግን በብዙ ቤት ተገልብጦ ይገኛል፤ እሱም ብርሃኑ ነው። ቀን ቀን ምች እንዳይመታት፣ ብርድ እንዳይገባት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ሌሊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንዳትሆንና ሕፃኑም በደንብ እንዲታይ ተብሎ ነጩ አምፖል እስኪነጋ ይበራል። ሰውነቷ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱንም ቀን እያደረገ ይቆጥራል።

ይህ መመሪያ ያንን እንዴት እንደምታስተካክሉ ያሳያል። የተጻፈው ለአራሷ ብቻ ሳይሆን ለእናቷ፣ ለባሏ፣ ለእህቷና ለአማቷም ነው። አብዛኛውን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ አራሷ መብራት እያስተካከለች እንድትነሳ አይጠበቅባትም።

ብርሃን ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ዓይን የሚያየው ብቻ አይደለም፤ ሰዓትም ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታወቁ፣ ሬቲና (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ላይ የሚገኙ ልዩ ሴሎች አሉ። ዋና ሥራቸው ምስል መቅረጽ ሳይሆን ውጭው ቀን ይሁን ሌሊት ለአንጎል መንገር ነው። በይበልጥ የሚነቁት 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ነጭ ኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ስክሪን ደግሞ ይህ ሰማያዊ በብዛት አለባቸው። ብርሃኑ ሌሊት ዓይን ላይ ሲያርፍ አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ማመንጨቱን ይቀንሳል፣ የሰውነት ሰዓትም ይዘገያል። አራሷ ካጠባች በኋላ ዓይኗ ፈጥጦ የሚቀረው፣ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ የሚጥላት፣ ቀን ደግሞ ደንዝዛ የምትውለው በከፊል በዚህ ነው።

ሕፃኑስ? ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት ይዞ አይወለድም። ይህ ሰዓት ቅርጽ የሚይዘው ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ከእናቱ ወተት ይዋሳል፤ ሌሊት የሚወጣው ወተት ከቀኑ ወተት የበለጠ ሜላቶኒን አለው። ስለዚህ የእናቲቱ ሌሊት ከጨለመ የልጁም ይጨልማል።

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት 1 ሉክስ ገደማ ይሰጣል። ማታ አምፖል የበራበት ሳሎን ከ100 እስከ 200 ሉክስ ሊሆን ይችላል። በጠራ ቀን ደጅ ጥላ ሥር 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ አለ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ 100,000 ይደርሳል። የዘርፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የተስማሙበት ልክ እንዲህ ይላል፦ ቀን ዓይን ዘንድ ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ከ10 ያልበለጠ፣ በእንቅልፍ ጊዜ 1 ወይም ከዚያ በታች። ይህ ልክ የሰዓት ቆጣሪዎቹን ሴሎች ትብነት መሠረት አድርጎ የተሰላ በመሆኑ ቢጫ ብርሃን ከነጩ ያነሰ ይቆጠራል። መስኮቱ የተዘጋ ጓዳ ቀን ከ250 በታች፣ ነጭ አምፖል የበራበት መኝታ ቤት ሌሊት ከ10 በላይ ነው። አራሷ በሁለቱም በኩል ተበድላለች።

አንድ ነገር በግልጽ እንዲታወቅ እንፈልጋለን። የሌሊት መብራት ብቻውን ድባቴ አያመጣም፤ መብራት ማደብዘዝም ብቻውን ድባቴ አያድንም። ቀድሞ የነበረ የአእምሮ ሕመም፣ ደም ማነስ፣ ብቸኝነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ድህነት፣ ልጅ ማጣት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እንቅልፍ ሲሰበር መንፈስም አብሮ ይሰበራል፤ በቤት ውስጥ በጥቂት ብር፣ በዚሁ ዛሬ ማታ ሊስተካከል የሚችለው ደግሞ ብርሃኑ ነው።

ከቀኑ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው ወደ ሌሊቱ መብራት ይሮጣል። እኛ ግን ቀኑን እናስቀድማለን፤ ጠዋት በቂ ብርሃን ያገኘ ዓይን ማታ ለሚያርፍበት ትንሽ ብርሃን ቶሎ አይደናገጥም፣ እንቅልፉም በሰዓቱ ይመጣል።

ወሎ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየወቅቱ አይለዋወጥባችሁም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ አራሷን ለ30 ደቂቃ ብርሃን ፊት አስቀምጧት። ፀሐይ ላይ አይደለም፤ በረንዳ ላይ፣ በሩ ደፍ አጠገብ፣ ጥላ ሥር። ራሷን በነጠላ ወይም በሻሽ ትሸፈን፣ እግሯ ካልሲ ይልበስ፣ ጀርባዋ ላይ ጋቢ ይደረብ። ምችን የሚፈሩ እናቶች አይከፋቸው፤ የምንፈልገው የፀሐይዋን ሙቀት ሳይሆን ዓይን የሚገባውን የሰማይ ብርሃን ነው። ፊቷ ወደ ውጭ ይዙር፤ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ ወደ ጓዳው እያየች ከተቀመጠች ጥቅሙ ይቀራል። ፀሐይን ትክ ብላ ማየት የለባትም።

በክረምት ጉም የጦሳን ተራራ አልፎ ደሴን ሲሸፍናት ሰው «ዛሬስ ምን ብርሃን አለ» ይላል። አለ። ደመናማ ሰማይ ሥር በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ አለ፤ መብራት ከበራበት ክፍል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዝናብ ካለ ከመስታወቱ ጀርባ መቀመጥ ይበቃል፤ መስታወት ይህን ብርሃን አያግደውም። ልዩነቱ ርቀት ላይ ነው፦ ከመስኮቱ በአንድ ሜትር ውስጥ ስትሆን ብዙ ታገኛለች፣ ከክፍሉ ማዶ ጥግ ስትሆን ግን ምንም ያህል አይደርሳትም። ስለዚህ አልጋውን ወይም መደቡ ላይ ያለውን ፍራሽ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ከአንድ ሰዓት ምክር ይሻላል። ንፋስ እንዳይገባ መስታወቱን ዝጉት፣ መጋረጃውን ግን ክፈቱት። መስኮቱ የእንጨት ብቻ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ፊት ለፊቱ ወንበር አድርጉላት።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው ደግፎ ያስነሳት፤ ደጅ መድረስ ካቃታት መስኮት ዳር ይበቃታል። ሰው እንዳያያት የምትፈልግም ብትሆን ግቢው ውስጥ ሰው የማይደርስበት ጥግ አይጠፋም።

የጠዋቱ ቡና እዚያው ደጅ ቢፈላ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ አራሷ ብርሃኗን ታገኛለች፣ ጭሱና ዕጣኑም ከሕፃኑ ይርቃል። ቡናን በተመለከተ ግን ልክ ይኑር። አቦሉንና ቶናውን ጠዋት ትጠጣ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይሁን። ካፌይን ከእናት ሰውነት ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን በወተት የደረሰውን ካፌይን ከሰውነቱ ለማስወጣት ቀናት ያስፈልጉታል። ጫት ጨርሶ ይቅር። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ወደ ወተት ያልፋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሲለቅ ደግሞ ልብን ያወርዳል።

የቀን እንቅልፍ አትከልክሏት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባገኘችው ሰዓት ትተኛ፤ ደንብ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ ቢሆን የሌሊቱን አይሻማም። ስትነሳ መጋረጃው መልሶ ይከፈት። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ለእንቅልፍ የወረደ መጋረጃ እስከ ማታ እንደወረደ ይውላል።

የሌሊቱ መብራት፦ ዕቃው

አንድ ትንሽ አምፖል ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ዴይ ላይት የሚባለው ነጭ ነው፤ ለአራስ ሌሊት አይሆንም። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ፈልጉ፤ ዋርም ዋይት ይባላል። ዋቱ የተገኘው ትንሹ ይሁን፤ 3 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ትንሽ አምፖል ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። በካርቶኑ ብቻ አትመኑ፤ ባለ ሱቁ ሰክቶ ያሳያችሁ። ብርሃኑ የሻማ ዓይነት ቢጫ ካልሆነ መልሱት።

አምፖሉን የሚይዝ ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ያለው የጠረጴዛ መብራት፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም ጥቁር ጨርቅ፣ ለመብራት መጥፋት የሚሆን ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ፣ ፔርሙዝ፣ የውኃ ጆግና ትንሽ ዘንቢል ይኑራችሁ። መብራት ኃይል ያልደረሰበት ገጠር ከሆነ ሶላር ፋኖስ በዝቅተኛው ደረጃው ይሠራል። ሶላሮቹ ብርሃናቸው ነጭ ስለሆነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር የግድ ነው።

ኩራዝና ሻማ? ብርሃናቸው ለእንቅልፍ የተመቸ ነው፤ ሰማያዊው ትንሽ ነው። እሳታቸው ግን አይሆንም። ኩራዝ ጭሱ ለሕፃን ሳንባ መርዝ ነው፤ እንቅልፍ የያዛት እናት ደግሞ በክንዷ ልትገፋው ትችላለች። በቆቦ፣ በመርሳ፣ በባቲ፣ በከሚሴ ወባ ስላለ አራስና ሕፃን አጎበር ውስጥ ይተኛሉ፤ አጎበር አጠገብ ነበልባል በጭራሽ አይቀመጥም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ኩራዙ ማጥቢያው እስኪያልቅ ብቻ፣ ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቆ፣ በማይወድቅ ነገር ላይ ይብራ፤ የሚጠብቀውም ሰው ራሱ ያጥፋው።

በደጋው፣ በደላንታም ሆነ በወገል ጤና ብርድ፣ ለሙቀት ተብሎ ክፍል ውስጥ የሚያድር ከሰል ከመብራት ሁሉ የከፋ አደጋ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ እናትና ልጅን እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ይገድላል። ምድጃው ከመተኛት በፊት ይውጣ፤ ሙቀቱን ባና፣ ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ይስጡ። ጠርሙሱ የእናቲቱ እግር ሥር እንጂ ሕፃኑ አጠገብ አይሁን።

አተካከሉ

1. የጣሪያውን አምፖል ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አታብሩት። ልማድ እንዳያስታችሁ ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ለድንገተኛ ነገር ፕላስተሩ በአንድ ጣት ይነሳል።

2. ትንሹን መብራት መሬት ላይ ወይም ከ50 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ዱካ ላይ አድርጉት። ከፍ ብሎ ከላይ የሚመጣ ብርሃን የሬቲናውን የታችኛውን ክፍል ይመታል፤ ያ ክፍል ደግሞ ሜላቶኒንን በመቀነስ ይበረታል። ዝቅ ያለ መብራት እንደ ማታ ጀንበር ይቆጠራል።

3. አምፖሉን ወደ ግድግዳው አዙሩት። አራሷ ተኝታም ሆነ ተቀምጣ የአምፖሉ ፊት አይታያት፤ የሚደርሳት ከግድግዳው የተመለሰው ብርሃን ብቻ ይሁን።

4. አምፖሉን በጨርቅ ወይም በወረቀት አትሸፍኑት፤ ሙቀት ይዞ ይቃጠላል። ከደመቀ አርቁት። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ግማሽ ሜትር መግፋት ብዙ የሚለውጠው።

5. ፈትሹ። መብራቱን አብርታችሁ አሥር ደቂቃ ዓይናችሁ ይልመድ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም በሉ። የሕፃኑ አፍንጫና አፍ ጡቱ ላይ ሲሆን በደንብ መታየት አለበት። የጋዜጣ ደቃቅ ጽሑፍ ያለችግር የምታነቡ ከሆነ ግን መብራቱ በዝቷል።

6. ከውጭ የሚገባውን ዝጉ። የግቢ በር መብራት፣ የጎረቤት ሱቅ አምፖል፣ የመንገድ መብራት መጋረጃውን አልፎ ይገባል። ቆላው ላይ ለነፋስ መስኮቱ ክፍት የሚያድር ከሆነ ጨርቁን ከመስኮቱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ስቀሉት፤ ነፋሱ በጎን ይገባል፣ ብርሃኑ ይቀራል።

ስለ ቀይና ብርቱካናማ መብራት የሚረሳ ትልቅ ነገር አለ፦ ቀለም ይደብቃል። ቀይ ብርሃን ሥር ደም ከጨርቁ አይለይም፤ የሕፃን ቢጫነትና የከንፈር መጥቆርም አይታይም። አራሷ «ደሙ በዛብኝ» ካለች ወይም ልጁ የደከመ ከመሰለ ወዲያው ነጩን መብራት አብሩና እዩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የልጁን የቆዳና የዓይን ቀለም ደግሞ በየጠዋቱ፣ በዚያ የ30 ደቂቃ ጊዜ፣ በሰማይ ብርሃን እዩት። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የታየ ቢጫነት፣ ወይም እጅና እግር መዳፍ የደረሰ ቢጫነት ሐኪም ይፈልጋል፤ ፀሐይ ማሞቅ አይበቃውም።

ማታውና ማጥባቱ

ጠያቂ ይምጣ፤ አራስ መጠየቅ ቅዱስ ልማድ ነው። ነገር ግን ከምሽቱ 1፡30 በኋላ አይቆይ። ይህን ለመናገር አራሷ ትቸገራለች፤ የቤቱ ታላቅ ሰው፣ እናቷ ወይም አማቷ፣ «እንግዲህ ልጆቼ ታርፍ» ቢሉ የሚቀየም የለም። እራት ቀድሞ ይቅረብ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ትልቁ መብራት ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑ በሌላ ክፍል ካልሆነ አብሮ ይጠፋል። ስልኳ ላይ የማታ ብርሃን የሚለውን ማስተካከያ ከፍታችሁ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው አውርዱት። ጡት እያጠቡ ቲክቶክ ማየት ግን ስክሪኑ ቢደበዝዝም እንቅልፍ ይነሳል፤ የሚያነቃው ብርሃኑ ብቻ አይደለም። ስልኩ ከእጅ በማይደርስ ርቀት ቢያድር ደስ ይለናል።

ከመተኛት በፊት አልጋው አጠገብ የሚያስፈልገው ሁሉ ይቅረብ፦ የሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር፣ ለብ ያለ ውኃና ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ ሞዴስ፣ የመጠጥ ውኃ፣ በፔርሙዝ አጥሚት። የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታልና ሌሊት መራቧ ልክ ነው፤ ገንፎ ለማገንፋት ግን ወጥ ቤት መብራት አይበራ።

ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። የእኛ ዓላማ ማጥባቱን መቀነስ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ማጥባት እናቲቱ ነቅታ የምትቆይበትን ጊዜ ወደ 30 ደቂቃ ማውረድ ነው። ይህ እንዲሆን ሌሊቱን ተካፈሉት። አንድ ሰው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት። ባል ከሁለቱ አንዱን ይያዝ፤ ጡት ከማጥባት በቀር ሌላውን ሁሉ ወንድ ይችለዋል።

ተረኛው ሕፃኑ መቁነጥነጥና እጁን መምጠጥ ሲጀምር፣ ሳያለቅስ በፊት ይነሳል። ጨርቁ ሰገራ ካለበት ወይም በጣም ከራሰ ብቻ ይቀይራል፤ ትንሽ ሽንት ይታለፋል። ከዚያ ሕፃኑን በጎኗ ለተኛችው እናት ያቀርባል፣ ከጀርባዋ ትራስ ያደርጋል፣ አፉ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ዙሪያ መያዙን ያያል። ወሬ የለም፤ በሹክሹክታ ብቻ። ጠብቶ ሲያበቃ ተረኛው ወስዶ ያስገሳል፣ በጀርባው ያስተኛል። እናቲቱ ከአልጋ አትወርድም። ሰዓት ስንት እንደሆነም አትጠይቅ፤ የቀረውን እንቅልፍ መቁጠር ራሱ ያነቃል።

በጎን ተኝቶ ማጥባት እንቅልፍ ይጥላል፤ ይህ ያለ ነው። ስለዚህ ፍራሹ ጠንካራ፣ ሕፃኑ ከባናና ከጋቢ ውጪ፣ ከግድግዳው ጋር የሚቀረቀርበት ክፍተት የሌለው ይሁን። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ሰው አብሮ አይተኛ። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን ከጠባ በኋላ አጠገቧ በራሱ መኝታ ይተኛ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ትተኛ፣ አትቀስቅሷት» ብላችሁ ማጥባት አታዝልሉ። ሕፃኑ የልደት ክብደቱን እስኪመልስ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ሳይጠባ መቆየት የለበትም፤ ከተኛም ይቀስቀስ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካለፈና ጡት መጥባቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን አንድ ማጥቢያን በታለበ ወተት መተካት ይቻላል። እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በተቀቀለ ክዳን ባለው ኩባያ ታልባለች። በደሴ ወይም በላሊበላ ቅዝቃዜ ወተቱ ከማቀዝቀዣ ውጪ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በቆቦና በባቲ ሙቀት ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት አታሳልፉት። የሚሰጠው በኩባያ ነው፤ ልጁን ቀና አድርጎ ከንፈሩ ላይ ማስጠጋት እንጂ አፉ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም። እሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት አጥብታ ብትተኛ፣ ተረኛው 6 ሰዓት ገደማ በኩባያ ቢሰጥ፣ ቀጣዩ የእሷ ማጥቢያ 8 ሰዓት ይሆናል። ያልተቋረጠ አምስት ሰዓት ማለት ነው፤ የመንፈስ ጥገና ከሁሉ በላይ የሚሠራው በዚህ ባልተቆራረጠ እንቅልፍ ነው። ጡቷ ከጠጠረና ካመማት ተነስታ ትታለብ፤ ካልታለበ ጡቱ ይቆጣል።

መንፈሷን እንዴት ትከታተላላችሁ?

በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ሆድ መባስ፣ ያለምክንያት ማልቀስ፣ መነጫነጭ በአብዛኞቹ እናቶች ላይ ይታያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ልጁን ማየት ካስጠላት፣ «ለእናንተ ሸክም ነኝ» ካለች፣ ምግብ ከተወች፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ይገጥማቸዋል፤ በብዛትም ድባቴ ነው። ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው፤ ስንፍናም ጥጋብም አይደለም።

ደብተር ይኑራችሁ። በየጠዋቱ አንድ መስመር፦ ጠቅላላ የተኛችው ሰዓት፣ ከሁሉ የረዘመው ያልተቋረጠ እንቅልፍ፣ ስሜቷ ከ0 እስከ 10። ረጅሙ እንቅልፍ ለአንድ ሳምንት ከሦስት ሰዓት በታች ከሆነ ሌላ ተረኛ ጨምሩ። ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁለት ምልክት ግን ይህ ነው፦ ልጁ ተኝቶ፣ ክፍሉ ጨልሞ፣ ሰው እየጠበቀላትም እሷ መተኛት ካልቻለች፣ ችግሩ መብራቱ አይደለም። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሕፃኑ የስድስተኛ ሳምንት ክትባት ቀንም ለዚህ ይመቻል። አሥር ጥያቄዎች ያሉት፣ ያለፉትን ሰባት ቀናት ስሜት የሚጠይቅ መመዘኛ አለ፤ እንዲጠይቋት ጠይቁ። ደሟም ይታይ፤ ደም ማነስ ድካሙን ያባብሰዋል።

ለቀናት ሳትተኛ ድካም ካልተሰማት፣ በፍጥነት ከተናገረች፣ የማይሰማ ድምፅ ከሰማች፣ ልጁ የእሷ እንዳልሆነ ወይም ክፉ እንዳደረበት ካመነች፣ ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ። ከሺህ እናቶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ፣ ግን የሚድን ሕመም ነው። ብቻዋን ከልጁ ጋር አትተዉ። ጸበል የሚወስዷት፣ ዱዓ የሚያስደርጉላት ያድርጉ፤ ሕክምናው ግን አይዘግይ፣ የተጀመረ መድኃኒትም አይቋረጥ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕመም ወይም ከልክ ያለፈ የደስታና የድባቴ መፈራረቅ የነበረባት እናት የጠዋቱን ብርሃን ከማስረዘሟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ብዙ ብርሃን እንዲህ ያለውን ሰው ከመጠን በላይ ሊያነቃ ይችላል።

የሚያስቸግሩ ሁኔታዎች

ጨለማ የምትፈራ እናት አለች። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያለፉ ብዙ እናቶች መብራት ሲጠፋ ልባቸው ይመታል። አታስገድዷት። ዝቅ ብሎ ወደ ግድግዳ የዞረው ቢጫ መብራት እስኪነጋ ይብራ፤ ፈርታ ከምትነቃ በ1 ሉክስ ብርሃን መተኛቷ ይሻላል። ትራስ ሥር የሚደረገው ቢላ ግን ሕፃኑ ከሚተኛበት ይራቅ።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ስድስት ሰው ከተኛበት፣ የአራሷን መኝታ በመጋረጃ ከልሉ። ተማሪ የሚያጠናበት መብራት ከመጋረጃው ማዶ፣ ጀርባው ወደ እሷ ዞሮ ይሁን።

በረመዳን ቤቱ ለሱሁር ይነሳል። አራስ በኒፋስ (ከወሊድ በኋላ ደም በሚፈስበት ጊዜ) ላይ ሳለች ስለማትጾም እሷ መነሳት የለባትም፤ ምግቡ በሌላ ክፍል ይዘጋጅ፣ በሯ ይዘጋ። ለማኅሌት የሚነሳ ሰው ባለበት ቤትም እንዲሁ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሰው የስልኩን ባትሪ አብርቶ አራሷ ፊት ላይ ይደቅናል። ባትሪው ጣሪያውን ወይም ወለሉን እንጂ ዓይኗን አያብራ። ቻርጅ የተደረገው የእጅ ባትሪ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

ስድስት ሳምንት ሆኖት ልጁ አሁንም ሌሊት የሚነቃ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ መጀመሪያ ከማታው እንቅልፍ አንዱ ይረዝማል። አራሷ አርባውን ጨርሳ ገበያም ዘመድ ቤትም መውጣት ስትጀምር የጠዋቱ ብርሃን ራሱ ይገኛል፣ ተቀምጦ መቁጠሩ ይቀራል። የሌሊቱ ትንሽ መብራት ግን ልጁ ሌሊት መጥባት እስኪተው ድረስ እዚያው ቦታው ላይ ይቆይ፤ ማብሪያው ላይ የለጠፋችሁትም ፕላስተር አይነሳ።